የዘንዶ ግልገል ግቢያችሁ ከተገኘች፦ እስክታስረክቧት ድረስ እንዴት ትያዛለች?

ድሬዳዋ ላይ "እባብ!" የሚል ጩኸት ከተሰማ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ይወጣል። አንዱ ድንጋይ ያነሳል፣ አንዱ አጣና ይጎትታል፣ ልጆቹ ከፊት ከፊት ይሮጣሉ። "ምን ዓይነት እባብ ነበር?" የሚባለው እባቡ ካለቀለት በኋላ ነው። በዚህ ግርግር ከሚያልቁት አንዷ የዘንዶ ግልገል ናት። መርዝ የላትም። ምግቧ አይጥ ነው። አንድ ሌሊት በሰላም ካደረች ወደ ዱር የመመለስ ዕድል አላት።

ይህ መመሪያ ለዚያች አንድ ሌሊት፣ ቢበዛ ለሁለት ሦስት ቀን ነው። ዓላማው ግልገሏን ከሰው፣ ሰውንም ከእሷ ጠብቆ ለሚመለከተው ክፍል በሕይወት ማስረከብ ነው።

"ለምን አናሳድጋትም?"

ይህን የሚጠይቁት ብዙውን ጊዜ ወጣቶች ናቸው፣ ጥያቄውም ከቲክቶክ የመጣ ነው። እባብ ትከሻው ላይ አድርጎ ቡና የሚጠጣ ፈረንጅ ያያሉ። እዚያ ቪዲዮ ላይ የሚታየው እባብ ብዙ ጊዜ ቦል ፓይተን የሚባለው ነው። መነሻው ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ነው፤ ለገበያ የሚወጣውም በአብዛኛው ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን ነበር፣ አሁን ደግሞ በብዛት በሰው እጅ ይራባል። አድጎም ከ1 ሜትር ተኩል እምብዛም አያልፍም። ሲፈራ ይጠቀለላል እንጂ ለመንከስ አይቸኩልም።

የእኛው ዘንዶ ግን ሌላ ነው። በአፍሪካ ከሁሉም ትልቁ እባብ እሱ ነው። ከእንቁላል ሲወጣ ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው ግልገል በጥቂት ዓመት ውስጥ 3 ሜትር ይደርሳል፤ ከ5 ሜትር ያለፉም ተመዝግበዋል። ጠባዩም ቁጡ ነው። ፍየል የሚውጥ እንስሳ ልጆች በሚተኙበት ቤት አያድግም።

ሕጉም አይፈቅድም። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳ የሕዝብና የመንግሥት ሀብት ነው፤ ያለ ፈቃድ መያዝ ያስቀጣል። ዘንዶን ከአገር ማስወጣት ወይም ማስገባትም ኢትዮጵያ በ1989 እ.ኤ.አ. በገባችበት ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ፈቃድ የሚጠየቅበት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሣጥኑን ከመፈለጋችሁ በፊት ስልክ ደውሉ። ለማን እንደሚደወል ከታች አለ።

1. መጀመሪያ ሰውን አርቁ

እባቧ እስካልተነካች ድረስ አትከተላችሁም። ሕፃናት፣ ውሻና ድመት ወደ ቤት ይግቡ፣ በሩ ይዘጋ፣ ከበሩ ሥር ያለው ክፍተት በጨርቅ ይወተፍ። አንድ ረጋ ያለ ሰው ብቻ ከ3 ሜትር ርቆ ይቁምና ወዴት እንደምትሄድ ይከታተል። የሰፈሩን ጎረምሳ በለዘብታ መልሱት። "መርዝ የላትም፣ ሰው ሊወስዳት እየመጣ ነው" ማለት ከጭቅጭቅ ይሻላል።

2. ዘንዶ መሆኗን አረጋግጡ

ከሁሉም ደረጃ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የዘንዶ ግልገልና እፉኝት በሩቁ ይምታታሉ። ሁለቱም ቡናማ ናቸው፣ ሁለቱም ጠቆር ያለ ጥለት አላቸው፣ ሁለቱም ሲቆጡ በኃይል እፍ ይላሉ። እፉኝት ደግሞ በአፍሪካ ብዙ ሰው ከሚጎዱት መርዛማ እባቦች መካከል ናት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን መበርገጉ ይሻላል።

አትቅረቡ። የስልካችሁን ካሜራ አጉልታችሁ ፎቶ አንሱና በፎቶው ላይ እነዚህን ተመልከቱ።

ቅርጿ፦ ግማሽ ሜትር የምትሆን የዘንዶ ግልገል ቀጠን ያለች ናት፣ ውፍረቷ ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም፣ ወደ ጭራዋ ቀስ እያለች ነው የምትሾለው። ያንኑ ያህል ርዝመት ያላት እፉኝት ግን ድብልብል ናት። ወፍራሙ ገላ ያልቅና አጭር ጭራ ድንገት ይቀጥላል።

ጥለቷ፦ የእፉኝት ጀርባ ላይ ጫፋቸው ወደ ጭራ ያመለከተ የቀስት ምልክቶች በተርታ ተደርድረዋል። የዘንዶ ጥለት ተርታ የለውም። ጥቁር ቡናማ ነጠብጣቦቹ ትልቅም ትንሽም ናቸው፣ አንዳንዱ ከጎኑ ካለው ጋር ይያያዛል።

ቅርፊቷ፦ የእፉኝት ቅርፊት ሻካራና ደብዛዛ ነው። የዘንዶ ለስላሳ ነው፣ ብርሃን ሲያርፍበት ያብለጨልጫል።

ራሷ፦ የዘንዶ አናት ላይ ጠቆር ያለ የጦር ጫፍ የመሰለ ምልክት አለ። ግራና ቀኙ ከአፍንጫዋ ተነስቶ በዓይኗ በላይ በሚያልፍ ፈዛዛ መስመር ይታጠራል። ከዓይኗ በታችም ጠቆር ያለ ሦስት ማዕዘን ይታያል። እኔ በዚህ ምልክት ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ እተማመናለሁ።

አንድ ብዙ ሰው የሚያወራው ነገር አለ፤ "ዓይኗ እንደ ድመት ቀጥ ያለ ከሆነ መርዛማ ናት፣ ክብ ከሆነ አይደለችም" ይላሉ። በዚህ አትመኑ። ዘንዶ መርዝ ሳይኖራት ዓይኗ ቀጥ ያለ ነው። ኮብራ ደግሞ ዓይኗ ክብ ሆኖ ትገድላለች።

በቆላው ሁለት ሌሎች እባቦችም አሉ። አንዷ ትንሽ ናት፣ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሜትር ብዙ አታልፍም። ስትቆጣ ገላዋን በገላዋ ላይ ታሻሻለች፤ ድምፁ ሽንኩርት የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ እንደሚሰማው ነው። ያን ከሰማችሁ ቶሎ ራቁ፣ መርዟ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። ሌላዋ መርዟን ወደ ዓይን የምትተፋው ኮብራ ናት። ዓይን ላይ ካረፈ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ፣ ከዚያም ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ትንሽ እንኳን ከተጠራጠራችሁ መመሪያው እዚህ ያበቃል። አትንኳት፣ አትግደሏት፣ በዓይን ጠብቁና ባለሙያ ይምጣ። ቀጥሎ ያለው ሁሉ ዘንዶ መሆኗ ለተረጋገጠ፣ ርዝመቷም ከ1 ሜትር ላልበለጠ ግልገል ብቻ ነው። ከዚያ የበለጠችውን ያልሠለጠነ ሰው አይሞክራት።

3. ሣጥኑ ቀድሞ ይዘጋጅ

እባቧ እጅ ላይ ሆና ሣጥን መፈለግ አይሆንም። ጥሩው መያዣ ክዳኑ በጎንና በጎን ጠቅ ብሎ የሚቆለፍ የፕላስቲክ ሣጥን ነው፤ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ሞልቷል። ከሌለ ክዳን ያለው ትልቅ ባልዲም ይበቃል። ካርቶን አይሁን። ግልገሏ በአፍንጫዋ ገፍታ ትከፍተዋለች፣ ሲረጥብ ደግሞ ይቀደዳል። የማዳበሪያ ጆንያም አይሁን፣ ይፈትላል፣ ክሩ ጥርሷና ቅርፊቷ ላይ ይጠመጠማል።

ምስማር አግላችሁ ጎኖቹን ብሱ። ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚበሳው፣ ስለቱ ውስጥ ከቀረ አፍንጫዋን ይቆርጣታል። ቀዳዳው እርሳስ የማያስገባ ይሁን። የእባብ ራስ ያለፈበት ሁሉ ሌላው ገላ ያልፍበታል፣ ግልገል ደግሞ ቀዳዳ ፍለጋ ሌሊቱን ሙሉ ነው የምትዞረው።

ውስጡ ጋዜጣ ወይም አሮጌ ፎጣ ይነጠፍ። አሸዋና ሰጋቱራ አያስፈልግም። ጥግ ላይ የጫማ ካርቶን ገልብጣችሁ በአንድ በኩል መግቢያ ቅደዱለት፤ የምትደበቅበት ካላገኘች አትረጋጋም። ውሃ በማትገለብጠው ነገር፣ ለምሳሌ ከበድ ባለ የሸክላ ጣባ፣ ይቀመጥላት።

4. ሳትነኳት አስገቧት

ብዙ ሰው ወደ እጁ ይቸኩላል። አያስፈልግም። እባብ በግድግዳ ሥር ሥር መሄድ ትወዳለች፣ ጨለማም ትፈልጋለች። ሣጥኑን በጎኑ አጋድማችሁ አፉን ወደ እሷ፣ ጎኑን ከግድግዳው ጋር አስጠግታችሁ አስቀምጡ። ከዚያ በረጅም የመጥረጊያ እንጨት ከጭራዋ ኋላ መሬቱን ነካ ነካ አድርጉ። እሷን አትግፉ። ጨለማውን ስታይ ራሷ ትገባለች። ሣጥኑን ቀስ ብላችሁ አቁሙና ክደኑ፣ ቆልፉ፣ በፕላስተርም አንድ ዙር እሰሩት። ተጠቅልላ እምቢ ካለች ባልዲ ከላይ ድፉባት፣ ድንጋይ ጫኑበት፣ ከዚያ የሚረከባት ሰው እስኪመጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

5. የት ትቀመጥ? የድሬዳዋና የሐረር ልዩነት

ግልገሏ በእጃችሁ ላይ የምትሞት ከሆነ ዋናው ምክንያት ይኼ ነው የሚሆነው፦ ሣጥኑ የተቀመጠበት ቦታ። እባብ የራሷ ሙቀት የላትም፣ ያለችበት ቦታ ሲግል ትግላለች፣ ሲቀዘቅዝ ትቀዘቅዛለች። ዱር ውስጥ ፀሐይ ሲበዛባት ድንጋይ ሥር ትገባለች። ሣጥን ውስጥ ግን መሄጃ የላትም።

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የሚያሰጋው ሙቀቱ ነው። በግንቦትና በሰኔ ቀትር ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ለግልገሏ የሚመቻት ከ26 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው መካከል ነው። 38 ሲደርስ አደጋ ላይ ናት። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ የፕላስቲክ ሣጥን እዚያ ለመድረስ ደቂቃዎች ናቸው የሚበቁት። የቆመ መኪና ውስጥም እንደዚያው።

ስለዚህ ከቤቱ ሁሉ ቀዝቀዝ የሚለውን ክፍል ምረጡ፣ ሣጥኑንም ሊሾው ላይ አስቀምጡት። ቁምሳጥን ላይ አይሰቀል፣ ሙቀት ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ቀትር ላይ እርጥብ ሽርጥ የሣጥኑን ግማሽ አልብሱት፣ ቀዳዳዎቹን ግን አትድፈኑ። ከተገኘ የክፍል ቴርሞሜትር አጠገቡ ይቀመጥ። አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ፣ ያለ ዕረፍት ግድግዳውን በአፍንጫዋ የምትገፋ ከሆነ፣ ወይም ውሃው ውስጥ ተዘፍቃ አልወጣም ካለች በመጀመሪያ ሙቀቱን ጠርጥሩ።

የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ሐረር ስትደርሱ ነገሩ ይገለበጣል። ከፍታው ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ነው። እዚያ ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልታችሁ በፎጣ ጠቅልሉና ከሣጥኑ ውጭ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ አስጠጉት። አንድ ጎን ሞቅ፣ አንድ ጎን ቀዝቀዝ ሲል የሚስማማትን ራሷ ትመርጣለች። ከሰል አታስገቡ። ጭሱ ለእሷም ለእናንተም ገዳይ ነው። ሆዷ ባዶ ከሆነ 22 ዲግሪ ያለበት ሌሊት አይጎዳትም። ብርድ የሚጎዳት ከበላች ነው፤ ምግቡ ሳይፈጭ ሆዷ ውስጥ ይበላሻል።

6. ውሃ አዎ፣ ምግብ አይ

ርኅሩኅ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው "ርቧት ይሆናል" ብሎ ነው። አልራባትም። ጤነኛ ግልገል ሳትበላ ሳምንታት ትቆያለች። ደንግጣ ሳለ የበላችውን መልሳ ታስወጣዋለች፣ ያ ደግሞ ከረሃቡ የባሰ ያዳክማታል። ወተት፣ እንቁላል፣ የተከተፈ ሥጋ አይሰጣት። ወተት የእባብ ምግብ አይደለም። የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ ግን በየቀኑ ይቀየርላት።

ፈቃድ ኖሯቸው ረዘም ላለ ጊዜ ለሚንከባከቡ ደግሞ አጭር ነገር ልበል። የሚሰጣት አይጥ ከገላዋ ወፍራሙ ቦታ ያልበለጠ፣ በሳምንት አንዴ፣ የሞተና ለብ ያለ ይሁን፣ በረጅም ወረንጦ ይቅረብላት። በሕይወት ያለ አይጥ ሣጥን ውስጥ ከተጣለ ግልገሏን ነክሶ ያቆስላታል። ከግቢ የተያዘ አይጥ አይሰጥ፤ ጎረቤት የአይጥ መርዝ አድርጎ ከሆነ እሷም ትመረዛለች። ከበላች በኋላ ሁለት ቀን አትነካ። ዓይኗ ደፍርሶ ወደ ሰማያዊ ካደላ ቆዳዋን ልትቀይር ነው። ያን ጊዜ በደንብ አታይም፣ ቶሎ ትነክሳለች፣ እርጥብ ፎጣ አስገብቶ መተው ነው።

7. በእጅ መያዝ የግድ ከሆነ

የግድ የሚሆነው ሣጥኑ ሲቆሽሽ ወይም ወደ ሌላ መያዣ ስትዛወር ነው። ለፎቶ አትውጣ።

መጀመሪያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ዶሮ ወይም የፍየል ሥጋ የነካ እጅ ለእሷ ምግብ ነው የሚሸታት። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ልበሱ፣ በሩን ዝጉ፣ መሬት ላይ ቁጭ በሉ። ቆማችሁ ሳለ ካመለጠቻችሁ የሚጎዳት አወዳደቋ ነው።

እጃችሁን ከላይ ወደ ራሷ አትስደዱ። ዱር ውስጥ ከላይ የሚመጣባት አሞራ ነው። ከጎኗ ቅረቡ። ከንፈሯ ላይ ሙቀት የሚለዩ ትንንሽ ጉድጓዶች ስላሉ የእጃችሁን መቅረብ ሳታይም ታውቀዋለች። በቀጭን እንጨት ወገቧን ለስለስ አድርጋችሁ ንኩ። ያኔ የመጣው ምግብ አለመሆኑን ትረዳለች። ምላሷን ቀስ እያለች ማውጣት ስትጀምር አንዱን መዳፍ ከሆዷ ሥር ከፊት በኩል፣ ሌላውን ከኋላ በኩል አስገብታችሁ አንሷት።

አሁን አትጭበጡ። ገላዋ ሁሉ ጡንቻ ነው፤ የተያዘ በመሰላት ቁጥር ይጠነክራል፣ በተለቀቀ ቁጥር ይላላል። ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ትሂድ፣ እናንተ ከፊቷ እጅ እየቀየራችሁ መንገድ ስጧት። ትንሽ ቆይታችሁ ቅርፊቷ ክንዳችሁ ላይ ሲንሸራተት ይሰማችኋል፣ አያጣብቅም፣ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው። አንገቷን ወይም ራሷን አትያዙ። የአንገት አጥንቷ ስስ ነው፣ ከዚያ በላይ ደግሞ እንዲህ የተያዘች ግልገል ሁለተኛ ሰው አታምንም።

አንገቷን ወደ ኋላ ሰብስባ እንደ S ፊደል ጥምዝ ካደረገችው ልትወረወር ነው። ሳትደናገጡ መልሱና ሣጥኗ ውስጥ አስቀምጧት። አምስት ደቂቃ ይበቃታል። ክንዳችሁ ላይ ተጠምጥማ አልለቅም ካለች ከራሷ በኩል አትጎትቱ። ከጭራዋ ጫፍ ጀምራችሁ ዙር በዙር ፍቱት፣ ኃይሏ ያለው ከፊት ስለሆነ ከኋላ ሲጀመር ይላላል። ማንም፣ ትልቅም ቢሆን፣ አንገቱ ላይ አያድርጋት።

ከነከሰች ምን ይደረግ? ጥርሶቿ ጥቃቅን መርፌ የመሰሉና ወደ ውስጥ የተቆለመሙ ናቸው። እጅን መንጭቆ ማውጣት ቆዳችሁንም ጥርሷንም ይቀዳል። ብዙ ጊዜ ራሷ ትለቃለች። ካልለቀቀች ቀዝቃዛ ውሃ አፏ ላይ አፍስሱ። ከዚያ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ደህና አድርጋችሁ እጠቡ፣ የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ክትባታችሁ ጊዜው ካለፈ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

የነከሰው እባብ ዘንዶ ስለመሆኑ ጥርጥር ካለ ነገሩ ሌላ ነው። አትብጡት፣ አትምጠጡት፣ በገመድ አትሰሩት። የተነከሰው እጅ ወይም እግር ሳይንቀሳቀስ፣ ቀለበትና ጫማ ወልቆ፣ ሰውየው ሳይራመድ ወዲያው ሆስፒታል ይድረስ። ድሬዳዋ ድል ጮራ፣ ሐረር ሕይወት ፋና። እባቡን ገድሎ ይዞ መሄድ አያስፈልግም፣ ስልክ ላይ ያለው ፎቶ ይበቃል።

ከነካችኋት በኋላ ሁልጊዜ እጅ ይታጠብ። እባብ ጤነኛ ሆና እያለች እዳሪዋ ውስጥ ሳልሞኔላ ሊኖር ይችላል። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያንና ሕመም ያዳከመው ሰው እሷንም ሣጥኗንም አይንኩ። የውሃ ጣባዋ ከቤት ዕቃ ጋር በአንድ ሳፋ አይታጠብ።

8. ማስረከብ

ከመጀመሪያዋ ሰዓት ጀምሮ ደውሉ። ሥልጣኑ ያለው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያም በእሱ ሥር ስለሆነ ለሐረርም ለድሬዳዋም የሚቀርበው የመጠለያው ጽሕፈት ቤት ነው። ስልኩ ከሌላችሁ ቀበሌያችሁ፣ የከተማው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ወይም በቅርብ ያለ ፖሊስ ጣቢያ ያገናኛችኋል። ለማን እንደደወላችሁና መቼ እንደደወላችሁ ጻፉ፤ ግልገሏ ቤታችሁ ለምን እንዳደረች የሚያስረዳላችሁ እሱ ነው።

"እኔው ራሴ ወስጄ ደቻቱ ወንዝ ማዶ እለቃታለሁ" አትበሉ። የማታውቀው ቦታ የተለቀቀች እባብ ውሃና መደበቂያ ለማግኘት ትቸገራለች፣ ደግሞም እዚያም ሰፈር አለ። የሚለቀቅበትን ቦታ ባለሙያው ይወስን። ለእሱ የሚጠቅመው የተገኘችበት ትክክለኛ ቦታ፣ ሰዓቱ፣ ርዝመቷ፣ ቁስል ካላት የት እንደሆነ፣ ምግብ ተሰጥቷት እንደሆነና እንዳልሆነ ነው። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ክዳኑ ላይ ለጥፉት።

መንገዱ በማለዳ ይሁን። ግልገሏ በተገለበጠ የትራስ ልብስ ውስጥ ትግባ፤ ስፌቱና ክሩ በውጭ እንዲሆን ነው የሚገለበጠው። አፉ ይቋጠር፣ እሱም ሣጥኑ ውስጥ ይቀመጥ። ባጃጅ ላይ ከሆነ ከሞተሩ በላይ ካለው ዕቃ መጫኛ ይልቅ እግራችሁ ሥር አድርጉት፣ ለሹፌሩም ምን እንደያዛችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ሣጥኑን ከመለሳችሁ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ በጥብጣችሁ እጠቡት፣ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ግቢውንም በዚያው ቀን ዞር ዞር ብላችሁ እዩት። የተከመረ ድንጋይ፣ የወዳደቀ ጀሪካን፣ ከውሃ ታንከሩ ሥር ያለው ጉድጓድ፣ እህል የሚፈስበት ጓዳ። ዘንዶዋን ያመጣት አይጡ ነው፣ አይጡ ካለ ሌላ እባብም ይመጣል፣ የሚቀጥለውም መርዝ የሌለው ላይሆን ይችላል።